ሳር ያልለበሰው ጎጆ

ከቀን ማስታወሻዬ፣ ነቀምቴ፣ መስከረም 8 ቀን 1956 ዓ.ም.

ከንግድ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ግልባጭ ይቀርለታል። ለኢዶሳ የምጽፈውንም ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ እገለብጣለሁ፤ የእሱንም መልስ አጠገቡ አያይዛለሁ። ኢዶሳ የአቤራ ባቻ ልጅ ነው። አቤራ ባቻ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ከአባቴ ቤት የቀሩኝ አንድ ሰው። ልጃቸው መጽሐፍ ቅዱስ ሊማር ጀርመን አገር ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። እሳቸው ሲሬ ለብቻቸው ይኖራሉ፤ እኔም ከሱቄ ጓሮ ለብቻዬ እኖራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ይመጡና በሩ አጠገብ የጨው ጆንያ ላይ ይቀመጣሉ። መጻፍም ሆነ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አይችሉም። በቋንቋችን በኦሮምኛ የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ግን ጠርዙ እስኪያልቅ አንብበውታል። ዛሬ ጥያቄ ይዘው መጡ።

ነቀምቴ፣ መስከረም 8 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለኢዶሳ አቤራ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በጤና ያግኝህ። አባትህ ሰላም ይሉሃል። ከብቱ፣ ደጁ፣ ጎረቤቱ ደህና ነው።

ላንተ ብለው ያቆሙት ጎጆ በነሐሴ ዝናብ ወደቀ። ማንም አልተጎዳም፤ ፍየል እንኳ አልነበረበትም። እኔ ሳዝን እሳቸው ሳቁና መጽሐፋቸውን ገለጡ። ከዚያ «እኔ ስናገር አንተ ጻፍ» አሉኝ። ቃላቸው ይህ ነው፦

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ። ነቢዩ አሞጽ የወደቀችው የዳዊት ድንኳን ትነሣለች ይላል። ኤርምያስም ከተማው በጠላት ተከቦ ሳለ ከአጎቱ ልጅ እርሻ ገዛ፤ በዚህች አገር ገና ቤትና እርሻ ይገዛል ብሎ። ይህ ተስፋ የተነገረው ለእስራኤል ነው። ሐዋርያት ግን ደርሷል ብለው ለአሕዛብ ሰበኩት፤ ዞሮ ዞሮ ሲሬ ደረሰ። የሰው ተስፋ ወስደው ነው የሰጡን? ባለቤቶቹስ ምን ቀረላቸው? እዚያ የሄድከው ለዚህ ነውና ጠይቀህ መልስልኝ።»

እኔ በዚህ ነገር ዳኛ አይደለሁም። የገባኝ የእርሻው ግዢ ብቻ ነው። በጠላት በተከበበ ከተማ መሬት የሚገዛ ሰው ወይ አብዷል፣ ወይ ሌላው ያላየውን አይቷል። መቼ እንደምትመለስም ጻፍ። እሳቸው አይጠይቁህም፤ እኔ እጠይቅሃለሁ።

ወንድምህ ነመራ ገቢሳ

ጎቲንገን፣ ኅዳር 2 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለኦቦ ነመራ፣

አካም ጂርቱ? እርስዎና አባቴ እንደምን ከረማችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ሰላምታ እዚህ አንዲት ቃል ናት፤ ጎረቤቴ ይላትና በሩን ይዘጋል። እኔ ግን ስለ ከብቱና ስለ ደጁ እስኪጠይቀኝ ደረጃው ላይ ቆሜ የምቀርበት ቀን አለ።

ለአባቴ እንዲህ ብለው ያንብቡልኝ። አባ፣ አሞጽ አስቀድሞ አይቶ፣ ኤርምያስ ደግሞ በዓይኑ እያየ የተናገሩት አንድ ሕዝብ አገሩ ስለሚቃጠልበት፣ ሰውም ታስሮ ባቢሎን ስለሚወሰድበት ዘመን ነው። ትመለሳላችሁ አሏቸው፤ እውነትም ተመለሱ። የፈረሰውንም ቤተ መቅደስ እንደገና መሠረቱ። ያን ቀን የፊተኛውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች ጮኸው አለቀሱ፤ ወጣቶቹ ደግሞ እልል አሉ፤ የልቅሶውን ድምፅ ከእልልታው መለየት እስኪያቅት ድረስ። የተነገረው ተስፋ ከደረሳቸው ቤት ይበልጥ ነበርና የቀረውን መጠበቅ ቀጠሉ።

ሐዋርያትም ከነዚያ ጠባቂዎች ልጆች ናቸው። የሰው መጽሐፍ አልሰረቁም፤ የአባቶቻቸውን መጽሐፍ አነበቡ። ኢየሱስ ከሞት ሲነሣ አባቶቻቸው የጠበቁት ቀን ጠባ አሉ። ኤርምያስ በልብ ላይ ይጻፋል ያለው አዲስ ኪዳን ይኸው ነው አሉ።

ስለ መመለሴ ገና ነው። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ይቀረዋል።

አክባሪዎ ኢዶሳ

ነቀምቴ፣ ጥር 12 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢዶሳ፣

እንዴት ነህ? ብርዱስ? አባትህ ሰላም ይሉሃል። ከብቱ፣ ደጁ፣ ጎረቤቱ ደህና ነው።

ደብዳቤህን ሱቁ በር ላይ አነበብኩላቸው። ከበረንዳዬ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ወልደገብርኤል፣ መቼም ታውቀዋለህ፣ የስፌት መኪናውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር።

«አባ አቤራ፣ እናንተ የሚሲዮን ሰዎች ነገር ታበዛላችሁ» አላቸው። «ድንኳኗ ድሮ ተነሥታለች። ቤተ ክርስቲያን ናታ!»

«ከተነሣች ለምን ታፈሳለች?»

«የት ታፈሳለች?»

«ባለፈው ዓመት ልጁ የሞተበት ሰው መጽናኛ ፈልጎ ደጃችን መጥቶ ነበር፤ እንዳለቀሰ ተመለሰ። እኛም ጋ ታፈሳለች፣ እናንተም ጋ ታፈሳለች።»

ወልደገብርኤል መርፌውን አፉ ውስጥ ይዞ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። አባትህ ወደኔ ዞረው «ይህንን ጻፍለት» አሉ። የነቢያቱ ተስፋ ቤት ነው፣ ምሰሶው የእስራኤል ነው፤ ይህ ገብቶኛል። እኛ አሕዛብ ግን ምንድን ነን? ሳሩ ነን? ሳር ያለ ምሰሶ መሬት ላይ የተጣለ ክምር ነው። ምሰሶም ያለ ሳር ዝናብ ይመታዋል። ደግሞስ ቀኑ ጠብቶ ከሆነ ሰው ለምን ይሞታል? አሞጽ ተራሮች ያንጠባጥቡታል ያለው የወይን ጠጅስ የት አለ? እንዲህ ነው ያሉት።

ለጎጆህ አዲስ ምሰሶ አስቆርጠዋል። ለአንድ ተማሪ፣ ያውም መቼ እንደሚመጣ ለማያውቅ ሰው፣ ይህን ያህል እንጨት አይወጣም አልኳቸው። «ኤርምያስን ማንም አልመከረውም» አሉኝ። ነጋዴ ይህን ንግግር አይወድም።

ነመራ

ጎቲንገን፣ መጋቢት 6 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለኦቦ ነመራ፣

ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይለይ። ዋቅኒ፣ አምላካችን፣ አባቴንና እርስዎን ይባርክልኝ። ደብዳቤው ሲደርሰኝ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ አብሮኝ የሚስቅ ሰው ፈለግሁ።

አባ፣ ስለ አሞጽ የጠየቁኝን በሐዋርያት ዘመንም ተጠያይቀውበታል። ኢየሩሳሌም ላይ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። አሕዛብ ወደ ቤቱ ለመግባት መጀመሪያ አይሁድ ይሁኑ የሚሉ ነበሩ። ያዕቆብ ተነሥቶ ይህንኑ የአሞጽን ቃል ጠቀሰ፤ ድንኳኗ የምትነሣው የቀሩት ሕዝቦች ሁሉ ጌታን እንዲፈልጉ ነው አለ። ስለዚህ በያሉበት፣ በየቋንቋቸው ይግቡ ተባለ። እኛም የገባነው በዚያ በር ነው። ባለቤቶቹን አስወጥተን ግን አይደለም። ጳውሎስ እግዚአብሔር ሕዝቡን አልጣለም ይላል፤ በግንዱ ላይ የተጣበቀው ቅርንጫፍም ሥሩ ላይ እንዳይኮራ ያስጠነቅቃል።

ወይኑ የት አለ ላሉኝ፣ ይህን ከኔ ይልቅ ኦቦ ነመራ ቢያስረዱዎት ይሻላል። ቡናው ሳይለቀም ለገበሬው የሚሰጡት ነገር አለ፤ ቀብድ። ጳውሎስ መንፈስ ቅዱስን የርስታችን መያዣ ይለዋል። የተሰጠን ቀብዱ ነው፣ ቀሪው ገና ነው። ለዚህ ነው ቤቱ ተነሥቶም የሚያፈስሰው።

ሌላ ወሬ፣ መምህሬ ስጨርስ ረዳታቸው ሆኜ እንድቀር ጠይቀውኛል። ክብር ነው። ነገር ግን አባቴ ምሰሶ እያስቆረጡ እንዴት እቀራለሁ? ለእሳቸው ስል እመጣለሁ። ወደ ነቀምቴ ከምትመለሰው ነርስ ከትዕግሥት ጋር የሱፍ ካፖርት ልኬላቸዋለሁ። ለክረምቱ ይድረስላቸው።

ኢዶሳ

ከቀን ማስታወሻዬ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1956 ዓ.ም.

አቤራ ባቻን ትናንት ሲሬ ቀበርናቸው። ትኩሳት ነው። ጎረቤታቸው ወይዘሮ በቀለች ሰው ልካብኝ በሕይወት ደረስኩባቸው። ምሰሶውን አቁመው፣ ማገሩን ጀምረው ነበር።

ከቀብር ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ለኢዶሳ ልጻፍ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ኦቦ ነገራ፣ የሁሉ ታላቅ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መርዶ በወረቀት አይሄድም። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየውን ከግራና ከቀኝ ይዞ ነው። ሰውየው ሲወድቅ ወረቀት ይደግፈዋል?»

«እና እስኪመጣ?»

«እስኪመጣ ለእሱ አባቱ በሕይወት አሉ።»

ወደ ነቀምቴ ስመለስ ወልደገብርኤል ሰማ። ካለቀሰ በኋላ «ዝም ማለትህ ለሌላም ይበጃል» አለኝ። «ከነገርከው ምን ሊሠራ ይመጣል?» ይህን እኔም አስቤው ነበር። ቅዳሜ ነው፤ ጆንያው ላይ ማንም አልተቀመጠም። አንድ ገበሬ ሊቀመጥ ሲል በርጩማ አመጣሁለት።

ነቀምቴ፣ ግንቦት 10 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢዶሳ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ደጁና ጎረቤቱ ደህና ነው። ከብቱን ወይዘሮ በቀለች ታያለች። የመጋቢት ደብዳቤህን አንብቤላቸዋለሁ፤ በደንብ ሰምተውታል። ነርሷ ትዕግሥት ካፖርቱን አስረክባኛለች፤ ጥሩ ሱፍ ነው። የቡና ዋጋ ወርዷል። ምሰሶው ቆሟል፣ ማገሩ ተጀምሯል።

በርታ።

ነመራ

ጎቲንገን፣ ሐምሌ 3 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለኦቦ ነመራ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ደብዳቤዎ አጠረብኝ፤ ሥራ እንደበዛብዎ ገመትሁ። አባቴ ስለ ቀብዱ ምን አሉ? ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። አንድ መልስ ብልክላቸው ሁለት ጥያቄ ይልኩልኝ ነበር። ካፖርቱን ለበሱት? እጅጌው ረዝሞ ከሆነ ወልደገብርኤል ያሳጥርላቸው።

መምህሬ እስከ ገና መልስ ይፈልጋሉ። አልቀርም ልላቸው ነው። አባቴን ግን ይጠይቁልኝ፤ ና ቢሉኝ ቃሌን ያጸናልኛል።

ኢዶሳ

ነቀምቴ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢዶሳ፣

እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። ክረምቱ ዘንድሮ ከፍቷል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሲሬ መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪና ውሎ ያድራል። ካፖርቱን ብል እንዳይበላው በናፍታሊን አስቀምጬዋለሁ። ሳሩ በጥቅምት ይታጨዳል። የመምጣትህን ነገር ራስህ ወስን፤ እኔ የምመክርህ ትምህርትህን እንድትጨርስ ነው።

ነመራ

ከቀን ማስታወሻዬ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ከኢዶሳ ደብዳቤ ከመጣ ሦስት ወር ሊሞላ ነው። ፖስታ ቤት ስገባ ጸሐፊው ገና ከሩቅ ራሱን ይነቀንቅልኛል። ለነገሩ ምን ብሎ ይጻፍ? እኔ ምን ጻፍኩለት? ውሸት አልጻፍኩም። እውነትም አልጻፍኩም። እንዲህ ያለ ሚዛን ሌላ ሱቅ ባይ፣ ደንበኞቹን ከዚያ አትግዙ ብዬ እመክር ነበር።

ጎቲንገን፣ ጥቅምት 9 ቀን 1957 ዓ.ም. (የደረሰኝ ጥቅምት 30)

ለኦቦ ነመራ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

በክረምት ብርድ ካፖርት በናፍታሊን አይቀመጥም። ይህን ካነበብሁ በኋላ የድሮ ደብዳቤዎችዎን አወጣሁ። በሁሉም ላይ «አባትህ ሰላም ይሉሃል» የሚል አለ። ከግንቦት ወዲህ የለም። እርስዎ የሌለ ዕቃ አለኝ ብለው ሸጠው አያውቁም።

ደንቡን አውቃለሁ። እንዲጽፉልኝ አልጠይቅም። ነገር ግን እንዴት ያለ ቦታ እንዳለሁ ልንገርዎ። አባቴ ሞተዋል ብዬ እንዳላለቅስ ማንም አልነገረኝም። አሉ ብዬ እንዳልጽፍላቸው እጄ እምቢ አለኝ። እንጀራ ስቆርስ፣ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ማታ መብራት ሳጠፋ፣ መሐል ላይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ፈተና ላይ ተስፋውን ሳያገኙ ከሩቅ አይተው ተሳልመውት ስለሞቱት አባቶች ጻፍሁ። እነሱ ቢያንስ መሞታቸው ታውቋል።

ለመምህሬ ገና መልስ አልሰጠሁም። ማንን ብዬ ምን ልበላቸው?

ኢዶሳ

ከቀን ማስታወሻዬ፣ ኅዳር 1 ቀን 1957 ዓ.ም.

ሲሬ ሄጄ ለኦቦ ነገራ ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

«ደንቡ ደንብ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ጻፍ አልልህም።»

«አትጻፍስ ይሉኛል?»

«ጆሮዬ ዛሬ ደህና አይሰማም» ብለው ተነሡ።

ብጽፍ ልጁ ላይመጣ ይችላል። ባልጽፍ እኔ የምጠብቀው ሰው የሞተ ሰው ሊያይ ይመጣል። ይህ ንግድ አይደለም።

ነቀምቴ፣ ኅዳር 2 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢዶሳ፣

በዚህ ፖስታ ውስጥ ሌላ የታሸገ ፖስታ አለ። አሁን አትክፈተው። ነገ በማለዳ፣ ፊትህን ሳትታጠብ፣ ከመሬት ተቀምጠህ ክፈተው። ብቻህን እንዳትሆን። የምታውቀውን ሰው፣ ቋንቋችንን ባይሰማም፣ ጥራና አጠገብህ ይቀመጥ። እዚያ ብሆን ግራ ትከሻህን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ቀኝህን ወልደገብርኤል ይይዝ ነበር፤ ንገርልኝ ብሏል።

ነመራ

(የታሸገው)

ኢዶሳ፣ አባትህ አርፈዋል። ሚያዝያ 18 ቀን፣ በቤታቸው፣ በአልጋቸው። ወይዘሮ በቀለች እጃቸውን ይዛ ነበር። እኔም ደርሼባቸዋለሁ። አገር ሙሉ ቀብሯቸዋል።

ስደርስ ይናገሩ ነበር። «መልሴ መጣ ወይ?» አሉኝ። ደብዳቤህ ኪሴ ነበር። አነበብኩላቸው። ስለ በሩ ሳነብ «ገብተናል» አሉ። ስለ ቀብዱ ሳነብ እንደ ልማዳቸው ሊያስቁኝ ፈልገው «አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ። ቀብድ ሰጥቶ የጠፋ ነጋዴም አለ አልኳቸው። ለሚሞት ሰው የሚባል አልነበረም፤ አመለጠኝ። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። «ሰጪውን አውቀዋለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ውኃ ብቻ ነው የጠየቁት።

ከዛሬ ጀምሮ ለአባትህ ብለህ ልትመጣ አትችልም። ዝም ያልኩህ ለደንቡ ብቻ አልነበረም፤ ይህንንም ፈርቼ ነው። አሁን የፈለግኸውን መልስ ለመምህርህ ስጥ፤ እኔ አልቀየምህም። ጎጆውን በታኅሣሥ ሳር አለብሰዋለሁ፤ ብትመጣም ባትመጣም። ማንም አልመከረኝም።

ካፖርቱ እኔ ጋ ነው። እግዚአብሔር ያጽናህ።

ነመራ ገቢሳ

ጎቲንገን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለኦቦ ነመራ፣

እንዳሉኝ አደረግሁ። የምኖርበትን ቤት ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ ከላይኛው ፎቅ ጠራኋት። ልጇ ከጦርነቱ አልተመለሰም፤ ሞተም አለም ያላት ሰው የለም። ከመሬት ተቀምጬ ስታየኝ ተነሥ አላለችኝም። ጉልበቷ እንቢ እያላት ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች። አንድም ቃል ሳይገባት እስከ ቀትር አለቀሰች። ማን ለማን እንዳለቀሰ አላውቅም። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ፣ ኦቦ ነመራ። አሁን አባት የለኝም፤ መቆሚያ ግን አለኝ።

እመጣለሁ ብዬ ልጽፍልዎ ጀመርሁና ተውሁት። እስከ ዛሬ የጻፍሁልዎ ሁሉ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ መጻሕፍቴን በሣጥን አድርጌ በመርከብ ልኬያለሁ፤ ለፈተናው የሚያስፈልጉኝን ጥቂቶች ብቻ አስቀርቻለሁ። እነሱ ሳይኖሩ እዚህ የማንም ረዳት ልሆን አልችልም። መምህሬ ሣጥኑን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው።

ኢዶሳ

ከቀን ማስታወሻዬ፣ ሲሬ፣ ግንቦት 21 ቀን 1957 ዓ.ም.

ሣጥኑ ትናንት ነቀምቴ ደረሰ። አራት ሰው አወረደው። ወልደገብርኤል ዞሮ ዞሮ አየውና «ሰውየው እንጨት ሆኖ መጣ እንዴ?» አለ። ከዚያ ዓይኑን በሜትሩ ጫፍ ጠረገ።

ዛሬ በጭነት መኪና ሲሬ አመጣሁት። ጎጆው ውስጥ ምሰሶው ሥር አስቀመጥነው፤ አልከፈትኩትም፤ የኔ አይደለም። ካፖርቱን ላዩ ላይ አኖርኩ። ወይዘሮ በቀለች «መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኳት። እሷ ስትሄድ ዝናቡ ጀመረ፤ እኔም ለብቻዬ ሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሳሩ አዲስ ስለሆነ ይሸታል። ጣራውን እየዞርኩ አየሁት፤ በበሩ በኩል በአንድ ቦታ ያንጠባጥባል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳር ይዤ መምጣት አለብኝ።

ቀብድ ሰጥቶ የጠፋ ሰው አይቻለሁ። የዚህን ሣጥን ሰጪ ግን አውቀዋለሁ። ስወጣ በሩን ገጠምኩት እንጂ አልቆለፍኩትም።